ከዲሲ እስከ ሎስ አንጀለስ በመኪና፦ 14 ቀን ይበቃል?

አዲስ_ጎማ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አሜሪካ ከመጣሁ 12 ዓመት ሆነኝ። ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ፣ ቤት። ዲሲንና ዙሪያዋን እንደ መዳፌ አውቃታለሁ። ከዚያ ወዲያ አንዴ ለሰርግ አትላንታ፣ አንዴ ለለቅሶ ዳላስ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሁለቱንም በአውሮፕላን ነው። ባለፈው ሰሞን ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባዬ፣ ግራንድ ካንየንን አይተኸዋል?» አለችኝ። አፈርኩ።

ዘንድሮ ቆርጫለሁ። ጁላይ ላይ 14 ቀን ፈቃድ አለኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጅና የ10 ዓመት ሴት ልጅ ነን። ሚኒቫን አለችን። ያሰብኩት መንገድ ይኸው፣ ከተሞችና ብሔራዊ ፓርኮች ተቀላቅለው፦ ከዲሲ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎ፣ ባድላንድስ፣ የሎውስቶን፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ አርችስ፣ ዛየን፣ ግራንድ ካንየን፣ ላስ ቬጋስ፣ ዮሰማይት፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሎስ አንጀለስ። ከዚያ በዚያችው መኪና ወደ ቤት።

ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። ዝምታዋ አላማረኝም። እስቲ የሄዳችሁበት ንገሩኝ።

ባለ18ጎማ፦
ወንድሜ፣ ዝም ያለችው እንዳታሳፍርህ ብላ ነው።

እኔ ጭነት ሳመላልስ 9 ዓመቴ ነው። የጻፍከውን ደመርኩት። መመለሻውን ጨምሮ ከ7,000 ማይል ይበልጣል። ለ14 ቀን አካፍለው፦ በቀን ከ500 ማይል በላይ። አንድም ቀን ሳታርፍ በየቀኑ 8 ሰዓት መሪ ላይ ማለት ነው። ለእንጀራችን የምንነዳውን እኛን እንኳ ሕጉ በፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ አያስነዳንም። ከኋላችን ደግሞ «ደረስን ወይ?» የሚል ልጅ የለም።

ይኼ ሽርሽር አይደለም፣ መኪናዋን ነው የምታስጎበኛት። ግማሹን ሰርዝ። የትኛውን ግማሽ የሚለው ላይ እንነጋገር።

ቀብራራው፦
አታካብዱ እንጂ! እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከኒው ዮርክ ተነስተን በ5 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ገብተናል። አይ-80 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ እየተፈራረቁ መንዳት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ባለ18ጎማ፦
ምን አያችሁ?

ቀብራራው፦
ነብራስካን። በሌሊት።

እማማ_ካሜራ፦
የኔ ልጅ፣ አንተ ሁለት ጉዞ ነው አንድ ላይ የጻፍከው። የሰሜኑ አለ፦ ቺካጎ፣ ባድላንድስ፣ የሎውስቶን፣ ሶልት ሌክ። የደቡቡ አለ፦ ሴንት ሉዊስ፣ ዴንቨር፣ ዩታ፣ ግራንድ ካንየን፣ ሎስ አንጀለስ። እያንዳንዱ ለብቻው ሁለት ሳምንት ይሞላል።

የሎውስቶን ደግሞ አለፍ ሲሉ የሚያዩት ቦታ አይደለም። 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ውስጡ ያለው ዋናው መንገድ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይዞ 142 ማይል ይዞራል። መሀሉ ላይ ጎሽ ተኝቶ ካገኘህ ደግሞ እሱ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። እኔ አንዴ 40 ደቂቃ ቆሜያለሁ። አንዱ ኮርማ ቀስ እያለ መጣና አፍንጫውን የመኪናዬ መስኮት ላይ ለጠፈው። እርጥብ ነው። ትንፋሹ መስታወቱን ጉም አለበሰው። ካሜራው ጭኔ ላይ ነበር፤ አላነሳሁትም፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሕጉ ከጎሽ 25 ያርድ፣ ከድብና ከተኩላ 100 ያርድ ራቁ ይላል። ጎሹን ግን ማን ይንገረው?

ፓርኩ ውስጥ ያሉት ሎጆች የሚያዙት ከዓመት በፊት ጀምሮ ነው። ለዘንድሮ ጁላይ አሁን ብትፈልግ የምታገኘው ሰው የሰረዘው ካለ ብቻ ነው። ልጅህ የጠየቀችህ ደግሞ ስለ ግራንድ ካንየን ነው አይደል? ታዲያ ምን ያከራክራል፣ ደቡቡን ያዝ።

አዲስ_ጎማ፦
እማማ፣ ልክ ነዎት። ካርታው ፊት ስቀመጥ ዓይኔ ሁሉንም ተመኘ፣ የልጅቷን ጥያቄ ረሳሁት። የሎውስቶንን ለመሰረዝ ግን አንጀቴ አልቆርጥ አለ።

እማማ_ካሜራ፦
የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ከ1872 ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። የትም አይሄድብህም።

ዴንቨር_ነኝ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ለምን ዴንቨር ድረስ በአውሮፕላን አትመጡም? ከዲሲ ዴንቨር መንዳት እኮ ወደ 1,700 ማይል ነው። ብሔራዊ ፓርኮቹ የሚበዙት ከእኛ ወዲያ ነው። ምሥራቁን እየነዳህ አራት ቀን ከምታቃጥል አራቱን ቀን ዩታ ላይ አሳልፈው። ካንሳስን ማቋረጥ ማለት አንድ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ እያዩ መዋል ነው።

አዲስ_ጎማ፦
ይገባኛል፣ ግን ማቋረጥ ነው የምፈልገው። 12 ዓመት የኖርኩበት አገር ምን ያህል እንደሚሰፋ በእግሬ፣ እሺ በጎማዬ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። አሰልቺነቱንም ጭምር።

ባለ18ጎማ፦
ተወው፣ ትክክል ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ ደመና እያየ ነው የሚያቋርጠው። ግን ሲሄዱ መንዳት፣ ሲመለሱ መብረር። 2,700 ማይል ገደማ ተመልሶ መንዳት ቅጣት ነው። ሚኒቫንህን ዲሲ አቁምና መኪና ተከራይ።

ሰላማዊት_ሜሪላንድ፦
ተከራይ ያሉትን ሰምተህ ሮጠህ እንዳትከራይ ወንድሜ። እኔ ከዲሲ ተከራይቼ ካሊፎርኒያ ላይ ነው ያስረከብኩት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የቀን ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ሌላ ከተማ በማስረከቤ የተጨመረው ክፍያ ግን ከኪራዩ አልተናነሰም። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ሦስት ነገር ቁጭ ብለህ አንብብ፦ ሌላ ቦታ ማስረከቢያው ስንት ነው፣ ማይሉ ገደብ አለው ወይ፣ ሁለተኛ ሹፌር ያስከፍላል ወይ። የአየር ማረፊያው ቅርንጫፍና የከተማው ቅርንጫፍ ዋጋም ይለያያል፣ ሁለቱንም እይ።

ሌላው፣ በራስህ መኪና የለመድከው ኢዚፓስ፣ የክፍያ መንገድ ማለፊያው፣ ካሊፎርኒያ ላይ አይሠራም። እዚያ ፋስትራክ ነው። ኪራዩ ላይ የክፍያ መንገድ እንዴት እንደሚታሰብ ጠይቅ።

ቀብራራው፦
አር ቪ ተከራይ! ማደሪያም መኪናም አንድ ላይ።

ባለ18ጎማ፦
ቤት ጎትቶ ሮኪ ተራራን መውጣት ለለመደ ነው። ነዳጅ እንደ ውኃ ይጠጣል። ዛየን ውስጥ በ1930 የተከፈተ መሿለኪያ አለ፤ የዛሬውን ትልልቅ መኪና ታስቦ አልተሠራም። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም።

እማማ_ካሜራ፦
አዲስ_ጎማ፣ የ10 ዓመቷ ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?

አዲስ_ጎማ፦
አራተኛ። ጁን ላይ ትጨርሳለች። ምነው?

እማማ_ካሜራ፦
እልልልል! የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፓርኮች ነፃ የዓመት ማለፊያ አላቸው። «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» ይባላል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 31 ይሠራል። አራተኛን በጁን ብትጨርስም ጁላይ ላይ ገና አልተቃጠለም። ድረ ገጹ ላይ ልጅቷ ራሷ ትንሽ ጥያቄ መልሳ ታወጣዋለች። በወረቀት አትማችሁ ያዙ። በመኪና በሚገባበት ፓርክ እሷ ካለች መኪናው ውስጥ ያላችሁት ሁሉ ትገባላችሁ።

ያለዚያ የዓመቱን ማለፊያ በ80 ዶላር ልትገዛ ነበር። ግራንድ ካንየን ብቻውን ለአንድ መኪና 35 ነው፣ ዛየን 35፣ ብራይስ ካንየን 35። ቁጠረው።

አዲስ_ጎማ፦
ልጄ ከፋይ ልትሆን ነው! ይህን ስነግራት ወንድሟ ላይ መኩራራት ጀመረች። «በኔ ነው የምትገባው» ትለዋለች።

ዴንቨር_ነኝ፦
ማለፊያው የማይሠራበትም አለ። ሞኑመንት ቫሊና አንቴሎፕ ካንየን የአገሬው ተወላጆች የናቫሆዎች መሬት ናቸው፤ ክፍያው ለእነሱ ነው። አንቴሎፕ ያለ አስጎብኚ አያስገባም። ሌላው ደግሞ ማለፊያ መያዝ ማለት ተራ መያዝ ማለት አይደለም። እዚህ እኛ ጋ ያለው ሮኪ ማውንቴን ባለፉት ዓመታት በበጋ ሰዓቱ የተያዘ ፈቃድ ሲጠይቅ ነበር፣ ሪክሪኤሽን ዶት ጋቭ በሚባለው ድረ ገጽ ነው የሚያዘው። አርችስም እንደዚሁ ሲያደርግ ነበር። ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከመነሳትህ በፊት የየፓርኩን ገጽ ክፈት። የዓምናውን ከሰው አትስማ፣ ከእኔም ጭምር።

ዴንቨር ስትደርሱ ደግሞ ሰዉ «ከፍታው ይከብዳችኋል፣ ውኃ ጠጡ» ይላችኋል። 1,609 ሜትር እኮ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቆላ ነው። ሮኪ ማውንቴን ውስጥ ያለው ትሬይል ሪጅ የሚባለው መንገድ ግን 3,713 ሜትር ይወጣል፣ ያ ከእንጦጦም በላይ ነው። ልጆቹ እዚህ ስላደጉ ራስ ምታት ሊይዛቸው ይችላል። መንገዱ የሚከፈተው ከሜይ መጨረሻ ወዲህ ነው፣ ጁላይ ላይ ችግር የለም። ጃኬት ያዙ ግን፣ በጁላይም።

ሰላማዊት_ሜሪላንድ፦
ሴንት ሉዊስ ስትደርሱ ጌትዌይ አርች የሚባለው ቅስት ላይ ውጡ። ልጆቹ ይወዱታል። 192 ሜትር ነው። የምትወጡባት ነገር አምስት ሰው የምትይዝ እንቁላል የመሰለች ክፍል ናት፣ ጉልበት ለጉልበት ትነካካላችሁ። 4 ደቂቃ ትፈጃለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።

ቀብራራው፦
እሱ ፓርክ ነው እንዴ? ሐውልት እኮ ነው!

ሰላማዊት_ሜሪላንድ፦
በ2018 ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ኮንግረስ ነው።

ባለ18ጎማ፦
አሁን ስለ መንገዱ ልናገር፣ ይኼ የኔ ነው።

ከዴንቨር ተነስታችሁ በአይ-70 ወደ ዩታ ስትገቡ ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእሷ ቀጥሎ እስከ ሳላይና ድረስ 110 ማይል ገደማ ምንም የለም። ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ቤት የለም። ታፔላው አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ ሰው ግን አያምነውም። እኔም አላመንኩም ነበር። መጀመሪያ ሥራ ስጀምር በራሴ መኪና ሩብ ታንክ ይዤ «ትንሽ ሄድ ብዬ እቀዳለሁ» አልኩ። ከ60 ማይል በኋላ መብራቷ በራች። ኤሲ አጠፋሁ። መስኮት ከፈትኩ፣ የገባው ነፋስ የምድጃ ነበር። ቁልቁለት ሳገኝ እግሬን አነሳለሁ፣ ዳገት ሳይ እጸልያለሁ። ሳላይና የገባሁት መርፌው ከታች ከተኛ በኋላ ነው። ማደያው ያለችው ሴትዮ ፊቴን አይታ ውኃ ሰጠችኝ፣ ምንም ሳልጠይቃት።

ስለዚህ አርችስ አጠገብ ካለችው ከሞአብ ከተማ ወደ ብራይስ ስትሄዱ ግሪን ሪቨር ላይ ሙሉ ቅዱ። ግማሽ ቢኖራችሁም። ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

ሰዓት ደግሞ ይቀያየርባችኋል። ከዲሲ እስከ ሎስ አንጀለስ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። አሪዞና በጋ ላይ ሰዓቷን አትቀይርም፣ ከዩታ ስትሻገሩ አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ። አሪዞና ውስጥ ያለው የናቫሆ መሬት ግን ይቀይራል። ስልኬ እንኳ ይሳሳታል እዚያ።

እማማ_ካሜራ፦
አርችስ ውስጥ ከ2,000 በላይ የድንጋይ ቅስት አለ። ሁሉንም አትሩጡ፣ ዴሊኬት አርች የሚባለውን ያዙ። ደርሶ መልስ 3 ማይል ነው። አብዛኛው መንገድ ራቁቱን ያለ አለት ነው፣ ጥላ የለም። ጁላይ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መጀመር አለባችሁ።

አዲስ_ጎማ፦
በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

እማማ_ካሜራ፦
በሀበሻ! በሀበሻ! በፈረንጅ 12 ከወጣችሁ ተጠብሳችሁ ነው የምትመለሱት። ፀሐይ ስትወጣ ማለቴ ነው።

ግራንድ ካንየንም ላይ እንደዚያው ነው። ሳውዝ ሪም፣ ወደ ደቡቡ ጠርዝ፣ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ ልብ በሉ። ሁለቱ ጠርዞች ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ በአሞራ መንገድ 10 ማይል ገደማ ነው። በመኪና ግን ዞሮ ለመድረስ ከ200 ማይል በላይ ነው። የማውቃቸው ሰዎች ሆቴል በአንዱ ይዘው በሌላው ተገኝተዋል። ኖርዝ ሪም ላይ የነበረው ትልቁ ሎጅ ደግሞ በ2025 ጁላይ በሰደድ እሳት ተቃጥሏል።

ገደሉ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ሲወርዱ ቀላል ነው፣ ሰውነት ይሸወዳል። አንድ ሰዓት የወረዱበትን ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያዙ። ታች ሲወርዱ ደግሞ እየሞቀ ነው የሚሄደው። ጉዞውም እኛ ከለመድነው ተራራ በተቃራኒው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁ ዳገቱ ነውና። ከልጆች ጋር ትንሽ ወርዶ መመለስ ይበቃል። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ እዩ። ቀለሙ በየደቂቃው ይለዋወጣል።

ልጆቹን ደግሞ ጁኒየር ሬንጀር አስመዝግቧቸው። የጎብኚዎች ማዕከሉ ውስጥ ትንሽ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል። እየዞሩ ይሞላሉ። ሲጨርሱ ሬንጀሩ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ቀኝ እጃቸውን አስነስቶ ያስምላቸውና ባጅ ይሰጣቸዋል። የ13 ዓመቱ «ይኼ የሕፃን ነው» ይላል መጀመሪያ። ሦስተኛው ፓርክ ላይ ባጁን ይቆጥራል።

አዲስ_ጎማ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ሁለት ምሽት ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

ቀን 1 እና 2 ከዲሲ ሴንት ሉዊስ። ቀን 3 ጠዋት ቅስቱ፣ ከሰዓት ካንሳስ ሲቲ። ቀን 4 ረጅሙ ቀን፣ ካንሳስን ተሻግሮ ዴንቨር። ቀን 5 ሮኪ ማውንቴን። ቀን 6 ሞአብ። ቀን 7 አርችስ። ቀን 8 ብራይስ። ቀን 9 እና 10 ዛየን። ቀን 11 እና 12 ግራንድ ካንየን። ቀን 13 በአይ-40 ሎስ አንጀለስ። ቀን 14 ባሕሩን አይቶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ቁርጥ ያለበት ምሳ በልቶ፣ ማታ በረራ። ላስ ቬጋስ ወድቋል፣ ልጁ ተቆጥቷል። ኒው ዮርክንም ሰረዝን፣ በአውቶቡስ የምንሄድባት ከተማ ናት።

ባለቤቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጠች። አንድ ቀን ሙሉ ማንም መኪና አይነካም። የትኛው ቀን ይሁን?

እማማ_ካሜራ፦
ቀን 10፣ ዛየን። በጋ ላይ የካንየኑን ዋና መንገድ በግል መኪና አያስነዱም፣ ሹትል ባስ ነው። ስፕሪንግዴል ከተማው ውስጥ ካደራችሁ ከሆቴላችሁ አካባቢ ተነስቶ እስከ ፓርኩ በር የሚያደርስ ሌላ ሹትልም አለ። ቁልፉን ለባለቤትህ ስጣት። ወንዙ ውስጥ እግራችሁን ነክራችሁ ዋሉ። ኤንጀልስ ላንዲንግ የሚባለውን አትሞክሩ፣ ገደሉ ለልጅ አይሆንም፣ ከ2022 ጀምሮም ፈቃድ በዕጣ ነው።

አዲስ_ጎማ፦
አነበብኩላት። ቁልፉን ከአሁኑ ስጠኝ አለች።

ዴንቨር_ነኝ፦
ቀን 5 ስትደርሱ ጻፉልኝ፣ ቡና እኛ ጋ ነው። አራተኛው ቀን ላይ ግን አሁንም አዝንላችኋለሁ።

አዲስ_ጎማ፦
ልጅቷ ከጎኔ ሆና እያነበበች ነው። «አባዬ፣ ካንሳስ ውስጥ ምን አለ?» ትላለች። ባለ18ጎማ ይመልስላት።

ባለ18ጎማ፦
ሰማይ ነው ያለው እመቤቴ፣ ብዙ ሰማይ። ደግሞ እዚያም ሳላይና የምትባል ከተማ አለች፣ እዚያው አይ-70 ላይ። ከዩታዋ ጋር ስማቸው አንድ ነው። አባትሽ በሁለቱም ነዳጅ መቅዳቱን አንቺ ተቆጣጠሪ፣ መጽሐፍሽ ላይ ጻፊው።